ያረጀውን ላፕቶፕ ከመጣላችሁ በፊት፦ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ወዳጆቼ ስለ ሊኑክስ

ወዳጆቼ፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የቆየውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ቢኖርም መመዝገብ ይጠይቃል፤ እሱም ቢሆን ጥቅምት 2019 ላይ ያበቃል። ወደ ዊንዶውስ 11 እንሻገር ብትሉ ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና፣ ኢንቴል ከሆነ በአብዛኛው ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ የመጣ ፕሮሰሰር ይጠይቃችኋል። አሁን ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ውስጥ በሰው እጅ ያለውን ላፕቶፕ አስቡት። ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ ያገለገለ ተገዝቶ የመጣ፣ 4 ጊጋ ራም ያለው፣ ባትሪው የደከመ፣ ተከፍቶ ሥራ እስኪጀምር ቡና ተፈልቶ የሚጠጣበት። በማይክሮሶፍት መስፈርት ከሄድን ይህ ማሽን ጊዜው አልፎበታል።

እኔ ግን አይጣል ባይ ነኝ። እንዲህ ያለው ማሽን ሊኑክስ ቢጫንበት ተማሪ ያጠናበታል፣ መምህር ፈተና ያወጣበታል፣ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይጽፍበታል። ዛሬ የማጫውታችሁም ይህንኑ ነው፦ ሊኑክስ ምን እንደሆነ፣ ከብዙው ዓይነት የትኛው ለእኛ አካባቢ እንደሚስማማ፣ አማርኛ እንዴት እንደሚጻፍበት፣ የማይሆንበትም ቦታ የት እንደሆነ።

ሊኑክስ ሲባል

ኮምፒውተር ስትከፍቱ ከሃርድዌሩ ጋር የሚነጋገር፣ ራሙን ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍል፣ ፋይሉን ዲስክ ላይ የሚያስቀምጥ አንድ ዋና ፕሮግራም አለ፤ ከርነል ይባላል። በ1991 እ.ኤ.አ. የ21 ዓመት ወጣትና የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ የራሱን ከርነል ጻፈና ለሁሉም ለቀቀው። ሊኑክስ የተባለው እሱ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከ1983 ጀምሮ፣ አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን ግኑ በሚባለው ፕሮጀክቱ ሌሎቹን አስፈላጊ ፕሮግራሞች ሲያሰናዳ ቆይቶ ነበር። ሁለቱ ሲገጥሙ ሙሉ ሥርዓት ሆነ።

ሊኑክስ የሚለቀቅበት ፈቃድ ጂፒኤል ይባላል። ማንም ሰው እንዲጠቀምበት፣ ኮዱን እንዲያይ፣ እንዲያሻሽለውና ለሌላ እንዲያቀብለው ይፈቅዳል። በምትኩ አንድ ግዴታ አለው፦ አሻሽሎ የሚያከፋፍል ሰው ለተቀባዩም ኮዱንና ያንኑ መብት መስጠት አለበት። ስለዚህ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ በፍላሽ ይዞት ቢመጣ፣ ከእሱ ላይ የወገዳው፣ ከወገዳው ላይ የአርብ ገበያው ኮፒ ቢያደርግ ነገሩ ፍጹም ሕጋዊ ነው። ክራክ መፈለግ የለም፤ «አክቲቬት አድርጉ» እያለ ስክሪኑ ጥግ ላይ የሚቆም ጽሑፍም የለም። ክራክ የሚባለው ነገር ራሱ ስንት ጊዜ ቫይረስ አዝሎ እንደሚመጣ ደግሞ እናንተ ታውቃላችሁ።

ነገሩ እንግዳ የሚመስላችሁ ካላችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ያለውን ስልክ አውጡ። አንድሮይድ ሁሉ የሚሠራው በሊኑክስ ከርነል ነው። ከ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ በፍጥነታቸው በዓለም ዝርዝር የሚወጡት 500 ሱፐር ኮምፒውተሮችም በሙሉ የሚሠሩት በእሱ ነው። በአገራችን በ2008 እ.ኤ.አ. አካባቢ በሺዎች የሚቆጠሩ ኤክስኦ የተባሉ ነጭና አረንጓዴ የልጆች ላፕቶፖች ለትምህርት ቤቶች ተሰጥተው ነበር፤ ውስጣቸው የነበረው ፌዶራ ከተባለው ሊኑክስ የተሠራ ነው። ጤና ጣቢያ የምትሠሩት ደግሞ ሪፖርት የምታስገቡበት ዲኤችአይኤስ 2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ፣ ኮዱ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። በብራውዘር የሚከፈት ስለሆነ ከሊኑክስ ላይም ይሠራል።

ስሙ ለምን በዛ?

ከርነሉ ብቻውን ለተጠቃሚ አይበቃም። ዴስክቶፑ፣ የፋይል ማሳያው፣ ብራውዘሩ፣ የጽሕፈት ፕሮግራሙ ተመርጦና ተፈትሾ አንድ ላይ ሲሰናዳ ዲስትሮ ይባላል። ዴቢያን፣ ኡቡንቱ፣ ሚንት፣ ፌዶራ ሲባል የምትሰሙት የዲስትሮ ስም ነው። ለሌላው አገር ሰው ይህን ማስረዳት ያስቸግር ይሆናል፤ ለጋይንት ሰው ግን ምሳሌው ደጁ ላይ ነው። የቅዱስ ያሬድ የዜማ መጽሐፍ ድጓ አንድ ሲሆን የዜማ ቤቱ ግን ብዙ ነው፦ የቤተልሔም አለ፣ የቆማ አለ፣ የአጫብር አለ፣ የተጉለት አለ። ሥሩ አንድ፣ አያያዙ የየቤቱ ነው። ከጋይንቱ የቤተልሔም ቤት የተማረ የሌላውን ቤት ሲሰማ የሚለይበትን ያውቃል እንጂ ባዕድ አይሆንበትም። ሚንት የለመደ ሰውም ኡቡንቱ ላይ ቢቀመጥ ትንሽ ዙሪያውን ይቃኝና ሥራውን ይቀጥላል።

የዝምድናውን ሐረግ ማወቅ ይጠቅማል። ዴቢያንን በ1993 እ.ኤ.አ. ኢያን መርዶክ ጀመረው፤ እስከ ዛሬ በበጎ ፈቃደኞች ይሠራል። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ በጥቅምት 2004 እ.ኤ.አ. ከዴቢያን ላይ ተነሥቶ ኡቡንቱን አወጣ። በ2006 ደግሞ ክሌሞን ለፌቭር ከኡቡንቱ ላይ ተነሥቶ ሊኑክስ ሚንትን ጀመረ። ስለዚህ ስለ ኡቡንቱ የተጻፈ ወይም በቪዲዮ የተሠራ ትምህርት አብዛኛው ለሚንትም ይሆናል። አንዱን ስትማሩ ሦስቱን ትማራላችሁ።

የትኛውን ልያዝ?

«ምርጡ ሊኑክስ የትኛው ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ አሥር ሰው አሥር ስም ይጠራላችኋል። ይልቅ ሦስት ነገር ራሳችሁን ጠይቁ፦ ማሽኔ ምን ይችላል? ስንት ዳታ አለኝ? ስቸገር ማን ይረዳኛል?

ከማሽኑ እንጀምር። ራሙ 8 ጊጋና ከዚያ በላይ ከሆነ የፈለጋችሁትን ምረጡ፤ ሲናመን የሚባለው የሚንት ዴስክቶፕ ያማረ ነው፣ ኡቡንቱም ይሄዳል። 4 ጊጋ ከሆነ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለ የሚንት ዴስክቶፕ ያዙ። 2 ጊጋ ከሆነ ሉቡንቱን ወይም ኤምኤክስ ሊኑክስን ሞክሩ፤ ብራውዘር ላይ ግን ከሁለት ሦስት ገጽ በላይ አትክፈቱ። ማሽኑ 32 ቢት የሆነ የጥንት ከሆነ ምርጫው ጠቧል፤ ዴቢያን ራሱ በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው 13ኛው እትሙ ለ32 ቢት ማሽን መጫኛ ማዘጋጀት ትቷል። ለእንዲህ ያለው ዴቢያን 12 ወይም አንቲኤክስ 23 ይሆናል። ለጽሑፍ፣ ለሒሳብ ሠንጠረዥ፣ ለመጽሐፍ ማንበቢያ ያገለግላል፤ ለዘመኑ ኢንተርኔት ግን አቅም ያንሰዋል።

እዚህ ላይ አንድ ምክር ልጨምር። ትንሽ ገንዘብ ካላችሁ፣ ከዲስትሮ ምርጫም በፊት፣ የሚሽከረከረውን አሮጌ ሃርድ ዲስክ አስወጥታችሁ ኤስኤስዲ አስገቡ። የአሮጌ ላፕቶፕ መዘግየት አብዛኛው ከዲስኩ ነው፤ ለውጡን በመጀመሪያው ቀን ታዩታላችሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ የዳታ ነው። የሊኑክስ ሚንት መጫኛ ፋይል 3 ጊጋ ገደማ ነው፤ የኡቡንቱ 24.04 ደግሞ 6 ጊጋ ይጠጋል። ይህ ግን አንዴ የሚወርድ ነው፤ የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ፌዶራ በየስድስት ወሩ አዲስ እትም ያወጣል፤ አንዱ እትም ድጋፍ የሚያገኘው 13 ወር ገደማ ብቻ ነው። አርች የሚባለው ደግሞ እትም የሚባል ነገር የለውም፤ ማሻሻያው ሳያቋርጥ ይወርዳል። ሁለቱም ጎበዞች ናቸው፣ ግን ጥሩ መስመር ለተዘረጋለት ሰው ናቸው። ኡቡንቱም ፋየርፎክስን ጨምሮ አንዳንድ ፕሮግራሞችን ስናፕ በሚባል ጥቅል ያቀርባል፤ ስናፕ ደግሞ ሳይጠይቃችሁ ራሱን ስለሚያሻሽል ፓኬጅ ይበላል። ሚንት ስናፕን አይጭንም፤ ማሻሻያ ሲኖር መጠኑን አሳይቶ እናንተ እስክትፈቅዱ ይጠብቃል። 22 ተብሎ የሚጀምረው የሚንት እትም እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድጋፍ አለው። በክልላችን ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ እንዴት እንደነበርን አንረሳም። ሳይሻሻል ብዙ ወር ቢቆይም ሥራውን የማያቆም፣ መስመሩ ሲመለስ የጎደለውን በአንድ ጊዜ የሚሞላ ሥርዓት ለእኛ ቅንጦት አይደለም።

ሦስተኛው የሰው ጥያቄ ነው፤ እኔ ከሁሉም የማስበልጠውም እሱን ነው። ጎረቤታችሁ፣ የትምህርት ቤቱ የአይቲ መምህር ወይም ዩኒቨርሲቲ ያለው ወንድማችሁ የሚጠቀመው ዲስትሮ በስሙ ከገነነው ይሻላችኋል። ሲበላሽ መጥቶ የሚያየው እሱ ነውና። ከሦስቱም ጥያቄ ተነሥቼ ለጀማሪ አንድ ስም ጥራ ብትሉኝ ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ እላለሁ። የዊንዶውስ ተጠቃሚ የለመደው ሜኑ ከታች በግራ በኩል አለው፣ ማሽን አያጨናንቅም፣ ሊብረኦፊስና ፋየርፎክስ አብረውት ይመጣሉ።

ሳትጭኑ ሞክሩት

ሊኑክስን ከልብ የምወድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፦ ዲስካችሁን ሳይነካ ከፍላሽ ላይ ይነሣል። ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ አዘጋጁ፤ ላዩ ላይ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ አስባችሁ ቀድማችሁ ኮፒ አድርጉ። ዊንዶውስ ላይ ሩፈስ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ክፈቱ፣ የሚንቱን ፋይል አሳዩት፣ «ጀምር» በሉት። ሲጨርስ ማሽኑን አጥፍታችሁ ስታበሩ ዴልና ሌኖቮ ላይ ብዙ ጊዜ ኤፍ 12ን፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9ን ደጋግማችሁ ተጫኑ፤ ከየት ልነሣ ብሎ ሲጠይቅ ፍላሹን ምረጡ። ትንሽ ቆይቶ ሙሉ ዴስክቶፕ ፊታችሁ ይቆማል።

ያኔ ፈትሹ። ዋይፋይ ያያል? ድምፅ ይወጣል? የስክሪኑ ብርሃን ይጨምራል ይቀንሳል? ክዳኑን ዘግታችሁ ስትከፍቱ ይነቃል? ብሮድኮም የተባለ የዋይፋይ ቺፕ ያለው ማሽን መጀመሪያ ላይ ዋይፋይ እምቢ ሊል ይችላል፤ አትደንግጡ። የስልካችሁን ገመድ ሰክታችሁ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ ክፈቱ፤ ሊኑክስ ወዲያው ኢንተርኔት ያገኛል፣ ከዚያ የጎደለውን ድራይቨር ከዚያው ታወርዳላችሁ። ሁሉ ነገር ካማራችሁ መጫኛውን ክፈቱ። ከዊንዶውስ ጎን ልጫን ወይስ ዲስኩን ጠርጌ ብሎ ይጠይቃችኋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከጎን ጫኑት፤ ማሽኑ ሲነሣ የትኛውን እንደምትፈልጉ ይጠይቃችኋል። ፎቶና ሰነዳችሁን ግን በሁለቱም መንገድ አስቀድማችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ።

የመጫኛውን ፋይል ከሰው ፍላሽ ላይ ካገኛችሁት አንድ ነገር አትዝለሉ። በየካቲት 2016 እ.ኤ.አ. የሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ተሰብሮ አውራጆች ሰርጎ ገቦች ወዳበላሹት ፋይል ተመርተው ነበር፤ ጥቃቱ በአንድ ቀን ውስጥ ታወቀ። ለዚህ ነው እያንዳንዱ መጫኛ ሻ 256 የሚባል፣ 64 ፊደልና ቁጥር ያለው የራሱ አሻራ አብሮት የሚወጣው። ፋይሉ በአንድ ነጥብ እንኳ ቢለወጥ አሻራው ፈጽሞ ይለወጣል። ከሚንት ድረ ገጽ ላይ አሻራውን በስልክ አይታችሁ ከእናንተው ፋይል አሻራ ጋር አመሳክሩ። ዳታው ጥቂት ነው፣ ጥቅሙ ብዙ ነው።

አማርኛው

የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በሦስተኛው እትም ነው፤ ዳንኤል ያዕቆብን የመሰሉ ሰዎች ብዙ ደክመውበታል። በ2005 ደግሞ የዜማ ምልክቶቹ ተጨመሩ፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ አጭር ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ደረት ሂደት፣ ቁርጥ። አዎ፣ የድጓ ተማሪው ከመስመር በላይ የሚያኖራቸው ምልክቶች እያንዳንዳቸው የኮምፒውተር ቁጥር አላቸው። አቢሲኒካ የሚባለውን ነፃ የፊደል ቅርጽ ከጫናችሁ ሊኑክስ ላይ ይታያሉ። ሊኑክስ ከአማርኛ፣ ከትግርኛ፣ ከኦሮምኛ፣ ከሲዳምኛ፣ ከወላይትኛ ጋር ግእዝንም ራሱን ችሎ በቋንቋ ዝርዝሩ ይዟል። ሊብረኦፊስም ሜኑው በአማርኛ የተተረጎመለት ነው።

መጻፊያው እንዲህ ነው። ከሶፍትዌር ማኔጀሩ አይበስ ኤም17ኤን የሚባለውን ጫኑ፣ ወጥታችሁ ግቡ፣ ከአይበስ ምርጫ ውስጥ አማርኛ ሴራ የሚለውን ጨምሩ። የኪቦርድ ምርጫ ውስጥ ለብቻው የሚታየውን አማርኛ ግን ተዉት፤ ፊደሉን በሙሉ በቀላሉ አያወጣም። ከዚያ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ ስፔስን ስትጫኑ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይቀየራል።

አሁን «ወገዳ» ብላችሁ ጻፉ። ደብሊው ስትጫኑ «ው» ይወጣል፤ ኢ ስትጨምሩ «ወ» ይሆናል። ጂ እና ኢ «ገ» ይሰጣሉ፤ ዲ እና ኤ «ዳ»። «ጋይንት» ደግሞ ጂ፣ ኤ፣ ዋይ፣ ኤን፣ ቲ ነው፤ ሳድስ ፊደል አናባቢ አይፈልግም። «እስቴ» ላይ ትልቁን አይ፣ ኤስ፣ ቲ፣ ከዚያ ለኃምሱ ትልቁን ኢ ትጫናላችሁ። ትንሹ ቲ «ት»፣ ትልቁ ቲ «ጥ»፤ ትንሹ ሲ «ች»፣ ትልቁ ሲ «ጭ»፤ ኪው «ቅ»፣ ኤክስ «ሽ»። ሁለት ነጥቡን ሁለቴ ስትጫኑ አራት ነጥብ ይሆናል። በስልክ በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛ ስትጽፉ የኖራችሁ ሰዎች በአንድ ከሰዓት ትለምዱታላችሁ።

ከድሮ ሰነድ ጋር ግን አንድ ችግር ይገጥማችኋል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግእዝ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። ምክንያቱ፣ እነዚያ ፎንቶች የእኛን ፊደል ምስል በእንግሊዝኛ ፊደሎች ቁጥር ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ፎንቱ ሲጠፋ ከሥሩ ያለው ይታያል። ዊንዶውስም ላይ ፎንቱ ከሌለ ያው ነው። የፎንቱን ፋይል ከድሮው ማሽን አምጥታችሁ ሊኑክስ ላይ ብትጭኑት ብዙ ጊዜ ይነበባል። ከእንግዲህ የምትጽፉትን ግን በዩኒኮድ ጻፉ፤ ያኔ በስልክም በኮምፒውተርም፣ ዛሬም ከሃያ ዓመት በኋላም ይነበባል።

ፍላሽ ስትሰኩ የምታዩት

ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ገብታችሁ የሥራ ማመልከቻ አሳትማችሁ ስትመለሱ ፎልደሮቻችሁ ሁሉ ጠፍተው በምትካቸው ትናንሽ ሾርትከት ሆነው ጠብቀዋችሁ ያውቃሉ? ያንን ፍላሽ ሊኑክስ ላይ ሰክታችሁ ክፈቱት። መጀመሪያ የምታዩት ሾርትከቶቹን ነው፤ እያንዳንዳቸው አንድ ሁለት ኪሎ ባይት ናቸው። ከእነሱ አጠገብ ምንም ስም የሌለው አንድ ፎልደር አለ። እሱን ስትከፍቱ የእናንተ ፋይል በሙሉ፣ ማመልከቻው፣ የትምህርት ማስረጃው፣ የሠርጉ ፎቶ፣ አንድም ሳይጎድል ተቀምጧል።

ቫይረሱ ፋይሉን አላጠፋውም። ዊንዶውስ እንዳያሳየው የሚደብቅ ምልክት አደረገበትና በቦታው ራሱን የሚያስነሣ ሾርትከት ተከለ። እናንተ ፋይላችሁ መስሏችሁ ስትነኩት ማሽኑ ውስጥ ይገባል። ሊኑክስ ያንን የመደበቂያ ምልክት አያከብረውም፣ የዊንዶውስ ፕሮግራምንም በራሱ አያስነሣም። ስለዚህ ፋይላችሁን ወደ ማሽኑ ኮፒ አድርጉ፣ ፍላሹን ፎርማት አድርጉ፣ መልሳችሁ ጫኑ። ጽሕፈት ቤት ያላችሁ ወዳጆቼ ለዚህ ብቻ እንኳ አንድ አሮጌ ማሽን ላይ ሊኑክስ ጭናችሁ የደንበኛን ፍላሽ መጀመሪያ በእሱ ክፈቱ። ከተማውን ስትጠቅሙ የራሳችሁንም ማሽን ታድናላችሁ። ይህ ማለት ግን ሊኑክስ አይነካም ማለት አይደለም። ማሻሻያው በየጊዜው ይግባ፣ ከማታውቁት ቦታ የመጣ ትእዛዝ አትለጥፉ፣ የይለፍ ቃላችሁን ለሚጠይቅ ሁሉ አትስጡ።

የማይሆንበት ቦታ

እውነቱን መናገር አለብኝ። የሒሳብ ሠራተኛ ከሆናችሁና ሥራችሁ በፒችትሪ ከሆነ ዊንዶውሱን አትንኩ። አውቶካድና ፎቶሾፕም ለሊኑክስ አልተሠሩም። ዋይን የሚባል ፕሮግራም አንዳንድ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ያስኬዳል፣ ነገር ግን የመሥሪያ ቤት ሒሳብ የሚታመንበት አይደለም። መሥሪያ ቤታችሁ በወርድ የተዘጋጀ ቅጽ የሚልክ ከሆነ ሊብረኦፊስ ይከፍተዋል፣ ያርመዋል፣ በዚያው ዓይነት ያስቀምጠዋል፤ ሠንጠረዡ የተወሳሰበ ከሆነ ግን መስመሩ ሊዘባረቅ ይችላል። ለማተም ስትሄዱ በፒዲኤፍ አስቀምጡት፤ በየትኛውም ማሽን እንደጻፋችሁት ይወጣል።

ፕሪንተርም ይለያያል። ኤችፒ ለሊኑክስ የራሱን ድራይቨር ስለሚያዘጋጅ አብዛኛው ሲሰካ ይሠራል፤ ሌዘርጄት ፒ1102ን የመሳሰሉት ግን አንድ ተጨማሪ ፋይል ከኢንተርኔት ማውረድ ይፈልጋሉ። እሱን መስመር ባለበት ቦታ አስቀድማችሁ ጨርሱ። ከካኖን አሮጌዎቹ አስቸጋሪ ናቸው፤ ሳትሞክሩ ለጽሕፈት ቤት አትግዙ።

በአንጻሩ አብዛኛው ሰው ቀኑን ሙሉ የሚሠራባቸው ፕሮግራሞች ሊኑክስ ላይ አሉ። ቴሌግራም የራሱ የሊኑክስ ፕሮግራም አለው፣ ዙምም አለው፣ ቪኤልሲ ማንኛውንም ቪዲዮ ያጫውታል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና የምትከታተሉ ልጆች ደግሞ ፓይተን ሚንት ላይ ተጭኖ ይጠብቃችኋል።

ያለ ኢንተርኔት ሙሉ ማሽን

ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ወርዳችሁ ጥሩ መስመር ስታገኙ የምትሞሉትን አስቀድማችሁ ጻፉ። በመጀመሪያ ኪዊክስ። ዊኪፒዲያን በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብብ ፕሮግራም ነው። የእንግሊዝኛው ሙሉው ከ100 ጊጋ በላይ ስለሆነ ተዉት፤ በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈው ግን በጥቂት ጊጋ ይገባል፣ የአማርኛው ደግሞ ትንሽ ነው። ለትንንሽ ልጆች ጂኮምፕሪን አውርዱ፤ ፊደልና ሒሳብ፣ ማውስ መያዝም ጭምር በጨዋታ ያስተምራል። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሒሳብን በሥዕል የሚያሳየው ጂኦጀብራና ሰማዩን ስክሪን ላይ የሚዘረጋው ስቴላሪየም አሉ።

ቤት ያለው ማሽን ምንም መስመር ባይኖረውም ፕሮግራም መጨመር ይቻላል። ሲናፕቲክ የሚባለውን ክፈቱ፣ የምትፈልጉትን ምልክት አድርጉ፣ የማውረጃ ዝርዝር እንዲያወጣላችሁ እዘዙት። ዝርዝሩን በፍላሽ ይዛችሁ መስመር ያለው ሌላ ሊኑክስ ላይ አስኪዱት፤ ፋይሎቹን ያወርዳል። ስትመለሱ ሲናፕቲክ የወረደውን ጨምር ስትሉት ይጭነዋል። የነፋስ መውጫው ማሽን በደብረ ታቦሩ መስመር ተጠቀመ ማለት ነው።

መብራት ድንገት ለሚጠፋበት አገር ደግሞ ሁለት ነገር አስተካክሉ። ሊብረኦፊስ የምትጽፉትን በየሁለት ደቂቃው እንዲያስቀምጥ አድርጉ። ታይምሺፍት የሚባለውንም አስነሡ፤ የሥርዓቱን መልክ በየጊዜው ይይዝና አንድ ነገር ሲበላሽ ወደ ትናንቱ ይመልስላችኋል። የግል ሰነዳችሁን ግን እሱ ስለማይይዝ ለብቻው ኮፒ አድርጉ።

ከየት ይጀመር?

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ ብቻችሁን አትጀምሩ። ወገዳ ላይ አምስት ሰው አምስት ዓይነት ዲስትሮ ቢጭን አምስቱም ብቻቸውን ይቸገራሉ። አምስቱም አንዱን ቢይዙ ግን አንዱ ስለ ፕሪንተር ያወቀው የአምስቱ ይሆናል፤ አንዱ ያወረደው ማሻሻያ በፍላሽ ለሁሉም ይዞራል። የአይቲ መምህሩ፣ የጽሕፈት ቤቱ ባለቤት፣ የጤና ጣቢያው መረጃ ሠራተኛ፣ ዩኒቨርሲቲ ያለው ተማሪ ተነጋግራችሁ አንድ ስም ምረጡ። መጫኛውን አውርዱ፣ አሻራውን አመሳክሩ፣ በሦስት ፍላሽ ላይ አኑሩና ለጠየቀ ሁሉ ስጡ። ፈቃዱ ይህን ይፈቅዳል፤ ሊኑክስ እዚህ የደረሰውም ሰዎች ያላቸውን እየተካፈሉ ነው። ከዚያ በየቤቱ ጥግ የተቀመጠውን ላፕቶፕ አንድ በአንድ አስነሡና ለልጆቹ ስጧቸው።